ካርፕን በቀርከሃ፦ ለጎጃም ደጋ የዓሣ ማጥመድ ውድድር መመሪያ

ጎጃም ውስጥ ዓሣ ሲነሳ ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ዳር ነው የሚያየው። ከደብረ ማርቆስ ጣና 265 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ብዙዎቻችን ዓሣን የምናውቀው ምግብ ቤት ገብተን፣ ተጠብሶ ሲቀርብልን ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ዓሣን በመንጠቆ ስለማጥመድ፣ ያውም ከጓደኛ ጋር እየተፎካከሩ ስለማጥመድ ነው።

ውድድሩ እንግሊዝ አገር በሰፊው የተለመደ ነው። ሰው ለዕረፍት ጎጆ ተከራይቶ የሚሰነብትባቸው ትንንሽ ሐይቆች አሉ፤ ካርፕ ተለቅቆባቸዋል። ቅዳሜና እሑድ ተወዳዳሪዎች ተሰብስበው ዕጣ ያወጣሉ፣ ቁጥር በተተከለበት ቦታ ይቀመጣሉ፣ ፊሽካ ሲነፋ ይጀምራሉ፣ ከአምስት ወይም ከስድስት ሰዓት በኋላ ፊሽካ ሲነፋ ያቆማሉ። የሚያሸንፈው ትልቁን ዓሣ የያዘ ሳይሆን በድምሩ ብዙ ኪሎ ያስመዘገበ ነው። አንዱ 3 ኪሎ የሚመዝን ካርፕ አውጥቶ ሲፎክር፣ ጎኑ ያለው ዝምተኛ ግማሽ ግማሽ ኪሎ የሚመዝኑ 11 ዓሦች ይዞ 5 ኪሎ ተኩል ያስመዘግባል፤ ዋንጫውም የዝምተኛው ይሆናል።

ይህን ወደ ደጋችን ለማምጣት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አሸናፊውን የሚለየው የዘንጉ ውድነት ሳይሆን ወደ ውሃው የሚጥለውን ምግብ መመጠኑ ነው፤ ምግቡ ደግሞ ሁሉም ከጎጃም ጓዳ ይገኛል።

የት ይደረግ

መጀመሪያ ስለ ካርፕ ጥቂት። የአገራችን ዓሣ አይደለም። ከ80 ዓመት በላይ በፊት ከውጭ መጥቶ አዲስ አበባ አጠገብ ባለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ተለቀቀ። ዛሬ በዝዋይና በቆቃ አጥማጆች መረብ ይገባል፤ ከዓባይ ማዶ ሆሮ ጉድሩ ውስጥ በአመርቲ ሐይቅም ይራባል። ብርድ ይችላል። ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይጎተታል፤ ካርፕ ግን ቀስ እያለም ቢሆን ይበላል፣ ያድጋል። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ለተቆፈረ ኩሬ ካርፕ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ጫጩቱን የሚያራቡት እንደ ሰበታው የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያሉ ተቋማት ናቸው።

ስለዚህ የካርፕ ውድድር የሚደረገው ካርፕ ቀድሞ በተለቀቀበት፣ መግቢያና መውጫ ቦዩ በወንፊት በተዘጋ የግል ወይም የማኅበር ኩሬ ላይ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም አይገኙም። ካርፕ ደግሞ ጭቃ እየቆፈረ፣ ውሃ እያደፈረሰ የሚበላ ዓሣ ነው። አንድ ሰው «እዚያም ይራባ» ብሎ በጀሪካን ጥቂት ካርፕ ጭኖ ቆጋ ግድብ ቢጨምር፣ ቆጋ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ነውና የሚፈሰው፣ መመለሻ የሌለው ጥፋት ሠራ ማለት ነው። በሕይወት ያለ ካርፕ ከኩሬው አጥር አይውጣ።

ካርፕ ያለበት ኩሬ ካላገኛችሁ ውድድሩ አይቅር፤ ዓሣውን ቀይሩ። ከደብረ ማርቆስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ፍኖተ ሰላም አጠገብ የገራይ ግድብ አለ፤ መርዓዊ ድረስ ከዘለቃችሁ ደግሞ ቆጋ አለ። እዚያ የምትፎካከሩት በአገሬው ዓሣ ነው፤ በቆሮሶ፣ በአምባዛ፣ በነጭ ዓሣ። ነጭ ዓሣ የካርፕ የሥጋ ዘመድ ነው፤ እንደ ካርፕ ከአፉ ዳርና ዳር ሁለት ጥንድ ጢም አለው፣ እንደ ካርፕ መሬት ለመሬት እየዳበሰ ይበላል። ከዚህ በታች የምታነቡት ዘዴ አብዛኛው ለእሱም ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ፦ ነጭ ዓሣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣል። በዚያ ወራት ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ ማጥመድ የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ማረድ ነው።

ፈቃድን በተመለከተ፣ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ ክልሉም የራሱን ሕግ አውጥቷል። ግድብ ላይ ከሆነ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎቹን ማኅበርና በቦታው የተደራጁ አጥማጆች ካሉ እነሱን ሳታነጋግሩ ዘንግ አትዘርጉ። ለአጥማጆቹ ውሃው እንጀራቸው ነው። የመንገዱን ሰላምም ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

የግል ኩሬ ከሆነ ነገሩ ከባለቤቱ ጋር በቃል ያልቃል፤ ግን ማስረዳት ይጠይቃል። «ጋሼ፣ ዓሣዎን አንወስድም፤ ይዘን፣ መዝነን እንመልሳለን» ስትሏቸው «ከመለሳችሁት ለምን ትይዙታላችሁ?» ማለታቸው አይቀርም። ጥያቄያቸው ልክ ነው፤ እናንተም መልስ ይዛችሁ ሂዱ፦ የቀን ኪራይ በነፍስ ወከፍ ትከፍላላችሁ፣ የሞተ ዓሣ ካለ በገበያ ዋጋ ትገዛላችሁ፣ የኩሬውን ዳር አታፈርሱም። ሦስቱን በወረቀት አስፍራችሁ ብትፈርሙ ደግሞ ይበልጥ ያምኗችኋል።

መቼ ይደረግ

ለደጋው ከሁሉ የሚሻለው በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ስለዚህ «ዓሣ ይጾማል አይጾምም» የሚለው ክርክር ውድድራችሁን አይበጠብጥም። አዲስ አበባ ሰው ሁዳዴን በዓሣ ሲያሳልፍ ማየት የተለመደ ነው፤ ጎጃም ላይ ግን ዓሣ በጾም አይነኬ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። የውሃው ሙቀትም በዚሁ ወቅት ይመቻል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አልፏል፣ ክረምቱ ገና ነው፣ ፀሐይ ኩሬውን ሲያሞቀው ወራት ቆይቷል። ግድብ ላይ ከሆነ ደግሞ በመስኖ ምክንያት ውሃው ስለሚጎድል ዓሣው በጠባብ ቦታ ይሰበሰባል። ቀኑን ስትቆርጡ የሰንበት ቅዳሴንና የወር በዓላቱን አስቡ፤ በሚካኤልና በማርያም ቀን ግማሹ ተወዳዳሪ ላይመጣላችሁ ይችላል።

በማለዳ መጀመር ግን ለደጋ ኩሬ አይሆንም። ሌሊቱን ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ውሃው ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነገር ሁሉ ሌሊት ኦክስጅን ስለሚወስድ ጎሕ ሲቀድ ኩሬ ትንፋሽ ያጥረዋል። ካርፑ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ሲጎርስ ብታዩት ተርቦ እንዳይመስላችሁ፤ አየር አጥሮት ነው። በደብረ ማርቆስ ከፍታ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፊሽካው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይነፋ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ያብቃ። ኩሬው ትንሽ ከሆነ ሦስት ሰዓት ይበቃል።

ዘንጉና ክሩ

እንግሊዞቹ ከካርቦን የተሠራ፣ እስከ 16 ሜትር የሚቀጣጠል ዘንግ ይዘው ነው የሚቀመጡት። ለእኛ የእንጅባራ ቀርከሃ ይበቃናል። ከ4 እስከ 5 ሜትር የሚረዝም፣ ያልተሰነጠቀ፣ ጫፉ ላይ ከእርሳስ የቀጠነ ቀርከሃ ምረጡ። እርጥቡን ከገዛችሁ ጥላ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አንጠልጥላችሁ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ይሰነጠቃል።

የናይሎን ክሩ ከ3 እስከ 4 ኪሎ የሚሸከም ይሁን። ከገበያ የምታገኙት ወፍራሙ የመረብ ክር ጠንካራ ቢሆንም ዓሣው ያየዋል፤ ቀጭኑን ፈልጉ። የክሩ ርዝመት ከዘንጉ በአንድ ክንድ ይጠር። ክሩን ግን በቀጥታ ጫፉ ላይ አትሰሩት። ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ከጫማ ማሰሪያ የማይሰፋ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ቁራጭ ቁረጡ፤ አንዱን ጫፍ ከቀርከሃው፣ ሌላውን ከክሩ ጋር እሰሩት። ካርፕ መንጠቆ ሲሰማው የመጀመሪያው ሩጫ ኃይለኛ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ክሩን ከመበጠስ የሚያድነው ይህ ላስቲክ ነው። እንግሊዞቹም ከዘንጋቸው ውስጥ ላስቲክ ያስገባሉ።

መንጠቆው የበቆሎ ፍሬ የሚያህል ይሁን፤ ከዚያ የበለጠውን ካርፕ ይተፋዋል። ከጫፉ ወደ ኋላ የዞረችውን ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቁ። ብዙ ሰው «ያመልጠኛል» ብሎ ይህን ይፈራል። ክሩን ካላላላችሁ አያመልጥም፤ ጥርስ የሌለው መንጠቆ ከአፉ በአንድ ንክኪ ስለሚወጣ ደግሞ ጊዜ ታተርፋላችሁ። አስተሳሰሩ ቀላል ነው፦ ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉ፣ በራሱ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምዝዙ፣ ጫፉን ቀዳዳው አጠገብ በቀረችው ቀለበት መልሳችሁ አስገቡ፣ በምራቅ አርጥቡና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሳያረጥቡ የሚስቡት ክር በፍትጊያ ሙቀት ይዳከማል፤ የሚበጠሰውም ትልቁ ዓሣ ሲመጣ ነው።

ለመንሳፈፊያ የጠርሙስ ቡሽ ሞረድ ሞረድ አድርጋችሁ እንደ ጣት ጫፍ አሳንሱት፤ ከዶሮ ክንፍ የወጣ የላባ ዘንግ ከተገኘ ከቡሹም ይሻላል፤ ቀጭን ስለሆነ ትንሿን ንክኪ ያሳያል። ማክበጃው እርሳስ ባይሆን እመርጣለሁ፤ የወፍ መርዝ ነው፤ እንግሊዝም ትንንሽ የማጥመጃ እርሳሶች እንዳይሸጡ ያገደችው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ትንሽ ዳዶ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ክብደቱን ከቡሹ ጋር ስታስማሙ ከውሃ በላይ የሚታየው የምስር ፍሬ ያህል ብቻ ይሁን። ቡሹ ግማሹ ተንሳፍፎ ከቀረ ካርፑ ጎትቶ ሲያሰጥመው ክብደት ይሰማዋል፤ ይተፋል።

ምግቡ

ወደ ውሃው የሚበተነውን ብትን፣ መንጠቆው ላይ የሚሰካውን ጉርሻ ልበለው። ካርፕ ጨጓራ የለውም፤ እንደ አምባዛ አንዴ ውጦ አይተኛም። ጥቂት ጥቂት እያለ፣ ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች እየፈጨ፣ ቀኑን ሙሉ ይለቅማል። ይህን የተረዳ ውድድሩን ግማሹን አሸንፏል። ብትን የሚጣለው ዓሣውን ለማጥገብ ሳይሆን ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ለማድረግ ነው።

ለብትን የሚያስፈልገው ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ ግማሽ እጅ በደንብ የተጨመቀ የጠላ አተላ ነው። ፋጉሎውን ከዘይት መጭመቂያ ቤት ታገኙታላችሁ፤ እንደ ድንጋይ ስለሚደርቅ በሙቀጫ ውቀጡትና በወንፊት ንፉት። ሽታው ከሁሉም በላይ ካርፕን ይጠራል። አተላው ውስጥ የቀረውን የጌሾ ቅጠልና እንጨት ለቅማችሁ አውጡ፤ መራራ ነው። ሦስቱን በደረቁ ቀላቅሉ፣ ውሃ በእፍኝ እየረጫችሁ እሹ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ተዉት። ፉርሽካ ውሃ የሚመጠው ቀስ ብሎ ነው፤ መጀመሪያ ትክክል የመሰለው ከ20 ደቂቃ በኋላ ይደርቃል። እንደገና ትንሽ ርጩ። በእጃችሁ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ መቆየት፣ በአውራ ጣት ስትጫኑት ደግሞ መፈረካከስ አለበት። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ አንዷን ድቡልቡል ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ጣሏት፦ ሳትበተን ወደ ታች ወርዳ፣ መሬት ነክታ፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ከተፈታች ደርሷል። ገና ውሃው መሃል ከተበተነ ትንንሾቹን ዓሦች ላይ ላይ ይጠራል፤ ካርፑ ታች ሆኖ ይቀርበታል። አተላ ማብዛትም ያንኑ ያመጣል፤ መፍላቱን ስላልጨረሰ አረፋ እያወጣ ይነሳል።

ለጉርሻ የበቆሎ ንፍሮ የሚያህል የለም። በቆሎውን ሙሉ ቀንና ሌሊት ዘፍዝፉ፣ ፍሬው ሆዱ እስኪፈነዳ ቀቅሉ፣ በተቀቀለበት ውሃ ውስጥ ያቀዝቅዝ። ሽምብራም ይሆናል። ጥሬ እህል ግን በፍጹም ወደ ውሃ አይጣል፤ ዓሣው ሆድ ውስጥ ሲያብጥ ይጎዳዋል። ቆጋና ገራይ ላይ ቆሮሶና ነጭ ዓሣን ስትፈልጉ ትል ይሻላል፤ በበጋ መሬቱ ደርቆ ትል ሲጠፋ ከበረት ጀርባ የተከመረ እርጥብ ፍግ ሥር ቆፍሩ። ሦስተኛው ሊጥ ነው። የስንዴ ዱቄትና ጥቂት ፋጉሎ ጠንከር አድርጋችሁ ለውሱ፣ ከዚያ ትንሽ ባዘቶ በጣት እየበጣጠሳችሁ ከሊጡ ጋር እሹ። የጥጡ ጭረት ሊጡን መንጠቆ ላይ ይይዘዋል፤ ያለ እሱ ሊጥ በአንድ ደቂቃ ይሟሟል። ትንንሽ ዓሣ የበዛበት ኩሬ ላይ ግን ሊጥ ይዛችሁ አትልፉ፤ ቡሹ ሲንቀጠቀጥ ይውላል፣ መንጠቆው ባዶ ይወጣል።

ለአንድ ሰው 1 ኪሎ ደረቅ ብትን ከበቂ በላይ ነው። ይህን በውድድሩ ደንብ ውስጥ አስገቡት። ያልተበላ ምግብ ኩሬ ሥር ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይወስዳል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ባለቤቱ ጠዋት ተነስተው ሆዱን የገለበጠ ዓሣ ሲያዩ በሚቀጥለው ዓመት ኩሬውን አይሰጧችሁም።

ደንቡ

ሁለት ገጽ ደንብ አትጻፉ፤ ማንም አያነበውም። በየ5 ሜትሩ እንጨት ተክላችሁ ቁጥር ጻፉ፤ 10 በ30 ሜትር የሆነ ኩሬ በአንድ ረጅም ዳር ስድስት ሰው ያስቀምጣል። ዕጣ የሚወጣው ሁሉም ባለበት ነው፤ ቦታ መቀያየር የለም። ከፊሽካው በፊት አንዲት ፍሬ እንኳ ወደ ውሃ አትጣልም። በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ የሚሆነው አንድ ዘንግና አንድ መንጠቆ ነው። የሚቆጠረው አፉን የተያዘ ዓሣ ብቻ ነው፤ በክንፉ ወይም በጎኑ የተጠለፈ ወዲያው ይለቀቃል። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ መንጠቆ ላይ ያለ ዓሣ ይቆጠር አይቆጠር የሚለውን ጠዋት ወስኑ፤ በ9 ሰዓት የሚነሳ ክርክር ወዳጅነት ያፈርሳል። ስለ ብርብራ በደንቡ ላይ መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ጻፉት። በአንዳንድ ወንዛችን ፍሬውን ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ ማደንዘዝ የቆየ ልማድ ነው። ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ስለሚጨርስ ማንም ሰው በየትኛውም ውሃ ላይ ሊሠራው አይገባም።

አምስቱ ሰዓት

ዕጣው ቁጥራችሁን ከሰጣችሁ በኋላ መጀመሪያ ጥልቀቱን ለኩ። መንጠቆው ላይ ከበድ ያለ ዳዶ አንጠልጥላችሁ ወደ ፊታችሁ ጣሉት፤ ቡሹን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ከውሃው ላይ ብቅ ሲል የት ላይ እንዳለ ክሩ ላይ ምልክት አድርጉ። ጉርሻው መሬት ነክቶ መቀመጥ አለበት፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከተንጠለጠለ ለካርፕ የለም ማለት ነው። ሁለት ቦታ ለኩ፦ አንዱ ዘንጋችሁ የሚደርስበት ሩቁ፣ ሌላው በግራ ወይም በቀኝ ዳሩን ተጠግቶ ከጉልበት የማይበልጥ ውሃ ያለበት።

ፊሽካው ሲነፋ ከሩቁ ቦታ ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ሁለት ድቡልቡል ብትን ጣሉ፣ ጉርሻውን እዚያው ላይ አስቀምጡ። ዳሩ ላይ ደግሞ ስድስት ሰባት የበቆሎ ፍሬ ጣሉና ተዉት፤ ለከሰዓት ነው። አሁን መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጭር ሊል ይችላል፤ ብዙ ሰው ትዕግሥቱ እዚህ ያልቅና እፍኝ እፍኝ መበተን ይጀምራል። ጎረቤታችሁ ሲያደርገው ዝም በሉት። ውሃው ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ አረፋ በመስመር ሲወጣ ካያችሁ ካርፕ ጭቃውን እየቆፈረ ወደ እናንተ እየመጣ ነው።

ንክሻውን ለመለየት ዓይን ይልመድ። ቆሮሶ ቡሹን ነካ ነካ ያደርገዋል። አምባዛ ጎትቶ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሄዳል። ካርፕና ነጭ ዓሣ ሲሆኑ ቡሹ አንዴ ይንቀጠቀጥና ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይሰጥማል። ሲሰጥም ዘንጉን ከእጅ አንጓ ብቻ ወደ ላይ አንሱ። እንደ መጥረቢያ ከትከሻ የሚነሳ ክንድ ዓሣውንም ክሩንም ያጣል።

አንድ ዓሣ ካወጣችሁ በኋላ የሚጣለው ብትን አንድ ቁንጥጫ ነው፤ በየዓሣው አንድ ቁንጥጫ። ቡሹ ደጋግሞ እየጠለቀ ስታነሱት ባዶ ከሆነ፣ ወይም ዓሣው በክንፉ እየተጠለፈ ከመጣ፣ አብዝታችኋል ማለት ነው። ዓሣው በዝቶ ከመሬት ተነስቷል፣ ክሩን በገላው ነው የሚገፋው። አሥር ደቂቃ ምንም አትጣሉ፤ መልሶ ይወርዳል። ውድድር የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ንክሻ ሲበዛለት ደስ ብሎት ምግብ ይጨምራል።

ከ8 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ወደ ዳሩ ዙሩ። ውሃው ሞቋል፣ የከሰዓቱ ነፋስም የሞቀውን የላይ ውሃ ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል፤ ዓሣውም ይከተላል። ነፋሱ ወደ እናንተ ዳር ከሆነ ዕጣው ደግ ነበር። ጠዋት የጣላችሁትን በቆሎ ካርፑ ሳይፈራ ሲለቅም ስለዋለ ትልልቆቹ የሚመጡት እዚህ ነው። ግን ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ፣ እግራችሁ መሬቱን እንዳይደልቅ፤ የጉልበት ጥልቀት ላይ ያለ ካርፕ የሰው ኮቴ ይሰማዋል። ልጆች ሊያዩ ተሰብስበው ይሆናል፤ ከኋላ አሥር እርምጃ ያህል ርቀው ይቀመጡ፣ ቆሎ ስጧቸው።

ሲያዝ

ዘንጉን ወደ ጎን፣ ለውሃው ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ላስቲኩ ይሥራላችሁ። ዘንጉ በቀጥታ ወደ ዓሣው ካመለከተ የቀርከሃው መተጣጠፍ አይረዳችሁም፤ ክሩ ሊበጠስ ይችላል። ዓሣው ሲደክም በሽቦ ክብ ላይ ከተሰፋ መረብ በላይ ጎትታችሁ አምጡት እንጂ መረቡን አታሳድዱበት።

ከውሃ ሲወጣ እናንተም ትንፋሻችሁን ያዙ፤ እናንተን ሲጨንቃችሁ እሱንም ጨንቆታል። እጃችሁን ሳታረጥቡ አትንኩት፣ ደረቅ መሬት ላይ አታስተኙት፤ ገላውን የሸፈነው ልጋግ ከተገፈፈ በሽታ ይገባዋል። እርጥብ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፋችሁ ያዙት። ከጀርባው ክንፍ ፊት ያለችው አጥንት እንደ መጋዝ ጥርስ ስላላት መዳፍ ትቀድዳለች፤ ከፊት ወደ ኋላ አሻሽታችሁ አስተኝታችሁ ያዙ።

ለራሳችሁ ደግሞ፦ ወደ ውሃው አትግቡ። ገራይና ቆጋን በመሰሉ ሞቃት ግድቦች የቢልሃርዝያ ስጋት አለ፤ ደጋው ላይ አልቅት አለ፤ ውሃ የሸሸበት የግድብ ዳር ደግሞ ደርቆ የመሰለ ግን ጭን ድረስ የሚውጥ ጭቃ ነው። ባርኔጣ አድርጉ።

ሚዛኑ

እንግሊዞቹ ዓሣውን ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ በተዘረጋ ረጅም መረብ አቆይተው መጨረሻ ላይ በአንድ ላይ ይመዝናሉ። እነሱም ቢሆኑ በአንድ መረብ ከ50 ፓውንድ፣ ወደ 23 ኪሎ፣ በላይ እንዳይከማች የሚከለክሉ ሐይቆች አሏቸው። በእኛ ከፍታ፣ ኦክስጅን በሚያጥረው ትንሽ ኩሬ፣ ዓሣን በመረብ አጭቆ ማቆየት አልመክርም። እያንዳንዱ ዓሣ እንደተያዘ ተመዝኖ ወዲያው ይለቀቅ። ለሁለት ተወዳዳሪ አንድ ሚዛን ያዥ ይመደብ፤ የሚንጠለጠለው የቅቤ ነጋዴ ሚዛን ይበቃል። ከረጢቱን እርጥብ እንደሆነ ባዶውን መዝኑና ክብደቱን ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ልኬት ይቀነሳል። ከረጢቱ ውሃ በጠጣ ቁጥር ስለሚከብድ በየሰዓቱ ደግማችሁ መዝኑት። ያወጣው ሰውም ጎረቤቱም አጠገቡ ይፈርሙ፤ መሐላ አያስፈልግም።

ተመሳሳይ ድምር ከመጣ ትልቁን ነጠላ ዓሣ ያወጣው ይቅደም። ሽልማቱ ከመዋጮው ይሁን፤ ሁሉም ካዋጡ አንድ ሙክት አይጠፋም። ዓሣ አጥምዶ በግ መሸለም ያስቃል፤ ግን ዓሣው ወደ ኩሬው ስለተመለሰ ማታ የሚበላ ነገር የግድ ነው።

ከመለያየታችሁ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። መረቡን፣ ከረጢቱንና ክሩን ኩሬው ዳር በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ እጣቢውን ከኩሬው ራቅ አድርጋችሁ መሬት ላይ ድፉ፣ ዕቃውን ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አድርቁ። የካርፕ እንቁላል ተጣባቂ ነው፤ ጥገኛ ተሕዋስም በእርጥብ መረብ ይጓዛል። ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ ዕቃ ወደ ቆጋም ሆነ ወደ ጣና አይሂድ።